ከሙኑኪ ለእትዬ

ለውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክልሽ ነገ ወደ አዲስ አበባ በሚበር የጋሼ ወዳጅ እጅ ነው። ስለ ቤታችን ቦይለር በስልክ ስነግርሽ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማሽኝም፤ የሰማሽውንም «ሁለት ወር ሙሉ ምን ሆነ?» ብለሽ አለፍሽው። አሁን ከሥሩ ላስረዳሽ።

ጋሼ የሚኖርበትና እኔም ያረፍኩበት ሙኑኪ ጁባ ከተማ ውስጥ ነው፤ ፓያም ይሉታል፣ እንደኛ ወረዳ መሆኑ ነው። ቤቱ ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ወንዙ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፤ ነጭ ዓባይ መሆኑ ነው። ከኡጋንዳ ሐይቆች ወርዶ በከተማዋ ጎን ያልፋል። የኛ ባሮ ሶባት ተብሎ የሚቀላቀለው ከዚህ በጣም ርቆ፣ ወደ ሰሜን ማላካል አጠገብ ስለሆነ እዚህ የምታጠብበት ውሃ አንድም ጠብታ ከአገር ቤት አልመጣም። ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ እንጃ ቅር አለኝ።

ወንዙ ቅርብ ቢሆንም ጋሼ ግቢ የሚደርስ ቧንቧ የለም። ውሃ በቦቴ ይመጣል። ቦቴዎቹ ወንዙ ዳር ሞልተው በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ ከሾፌሮቹ መካከል ሐበሾችም አሉ። የግቢው የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ሲሞላ ጋሼ ቆሞ ያያል፤ ገንዘቡን ይቆጥራል። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሲጨቀይ ቦቴው ይዘገያል፣ ዋጋውም ይወጣል። እኛ ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ የምንናደደው በድምፁ ነው። እዚህ ግን የሚንጠባጠበው ብር ነው።

ጋሼ የሚያከራያቸው ስድስት ክፍሎች አሉት፤ በየሁለቱ ክፍል መሐል ባለ 80 ሊትር ቦይለር ተሰቅሏል። በዚህ ሙቀት ቦይለር ለምን አስፈለገ ትዪኝ ይሆናል። በቀትር እውነትም አያስፈልግም፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ራሱ ውሃውን ያሞቀዋል። ንጋት ላይ ግን እንግዶቹ ሙቅ ውሃ ይጠይቃሉ።

የመጣሁ ሰሞን ለስድስት ቀን የሚበቃው ውሃ በአራት ቀን እያለቀ ጋሼ ግራ ተጋብቶ ነበር። ሠራተኞቹን መጠርጠርም ጀምሮ ነበር፤ ይህ ነው ያሳዘነኝ። ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ2003 ዓ.ም ከጎንደር መጥቶ እዚሁ የቀረ የቧንቧ ባለሙያ አስጠራን። ሰውየው ቁልፍም መዶሻም አላነሳም። ማታ እንግዶቹ ከተኙ በኋላ ወደ ክፍሎቹ የሚሄደውን መስመር ክፍት አድርጎ ሮቶው ላይ የውሃውን ልክ በጠመኔ አሰመረ፤ ሌሊት ማንም ውሃ እንዳይከፍት አስጠነቀቀ። ጠዋት ስናይ ውሃው ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዷል። በሁለተኛው ሌሊት የቦይለሮቹን መግቢያ አንድ በአንድ እየዘጋ ሲፈትሽ ችግሩ የመጨረሻው ክፍል ላይ ተገኘ። ሙቅ ውሃ የሚወጣበት መጋጠሚያ ግድግዳው ውስጥ ላልቶ፣ ውሃው በሴራሚኩ ሥር ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። ጋሼ ያን ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀ።

እኔ ግን የሰውየውን ሥራ ሳይ የኛ ቤት ቦይለር ትዝ አለኝ። ሥሩ ካለችው ትንሽ ብረት ውሃ ይንጠባጠባል ብለን ያስጠራነው ሠራተኛ አፏን በብረት ክዳን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶልን አልነበር? ደስ ብሎንም ሸኘነው፤ ያልሽው ሁለት ወርም ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ይህንን ስነግረው ባለሙያው የያዘውን ሥራ አስቀምጦ «አሁኑኑ ደውልና አስጠፋ» አለኝ። ያን ሌሊት የደወልኩልሽ ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ሲደርስ ከ1 ሊትር ትንሽ የበለጠ ይጨምራል። ይህ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚወጣው በዚያች ብረት፣ በሴፍቲ ቫልቭ ነው። ቫልቯ ብዙ ጊዜ 8 ባር ላይ እንድትከፈት ነው የምትሠራው። ስለዚህ ቦይለሩ ሲሞቅ ብቻ የምታንጠባጥብ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሲቀዘቅዝም የማታቋርጥ ከሆነ ወይ ውስጧ ቆሻሻ ገብቷል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። እዚህ ሮቶው ስድስት ሜትር ላይ ስለተሰቀለ ግፊቱ 0.6 ባር ብቻ ነው፤ እኛ ቤት ግን ሌሊት ሰው ውሃ ሳይጠቀም የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል።

ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ተበላሽቶ አላጠፋ ቢል ደግሞ የመጨረሻዋ መከላከያችን ቫልቯ ናት። በ8 ባር የታፈነ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም፣ እስከ 175 ዲግሪ ይሄዳል። ቫልቯ ከተደፈነች ግን 8 ባር ላይም የሚያስቆመው የለም። ጋኑ የተሰነጠቀ ዕለት ከዚያ ውሃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ከቦይለሩ ግድግዳ ጀርባ የልጆቹ አልጋ ነው፣ እትዬ።

ጋሼ ከዚህ ሁሉ በኋላ ከናይሮቢ ውሃ ሲፈስ የሚናገር መሣሪያ አስመጣ። መዳፍ የማይሞላ ክብ ነገር ነው፣ በድንጋይ ባትሪ ይሠራል። ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት፤ ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ይጮኻል፣ በዋይፋይም ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። በሳምንቱ የአንዱ ክፍል ፍሌክሲብል ቱቦ ሲፈነዳ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ስለነበር ዋይፋዩ አልሠራም፣ ገበያ ለነበረው ጋሼም ምንም አልደረሰውም። ጩኸቱን ሰምቶ ውሃውን የዘጋው ዘበኛው ነው። አንቺም ከገዛሽ ራሱ የሚጮኸውን ግዢ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያድንሽ እሱ ነው። መስመሩን ራሱ የሚዘጋም አለ፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ግድግዳ ውስጥ ያለ ፍሳሽን ግን ይህ መሣሪያ አያየውም፤ ለዚያ የውሃ ቆጣሪው ይበቃሻል። ማታ ሁሉን ዘግተሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ ጠዋት ቁጥሩ ካለፈ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው።

አደራሽን እትዬ፣ የቦይለሩን ማብሪያ እንዳትነኪው። ሌላ ባለሙያ ጥሪና ቫልቯን በአዲስ ይቀይር፤ ከአፏም ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ይልቀቀው። ገንዘቡን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ልኬያለሁ። እስከዚያው የልጆቹን ገላ መታጠቢያ ውሃ በድስት አሙቂላቸው።

አክባሪ ወንድምሽ
ሙኑኪ፣ ጁባ