የእንጦጦ ቁልቁለት

ቀበና፣ በጀርመን ኤምባሲ አጥር ሥር ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጄኔራል ትዝ ይለኛል፤ ፓውል ፎን ሌቶው ፎርቤክ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ጥቂት ጦር ይዞ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የእንግሊዝና የአጋሮቿን ሠራዊት አራት ዓመት አንከራቷል። መሣሪያውን ያስረከበው በኅዳር 1911 ዓ.ም፣ አውሮፓ ውስጥ ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው። ስለ ሽምቅ ውጊያ ሲወራ ስሙ ይነሳል። ከየካ ቀና ሲሉ ከሚታየው ተራራ ማዶ፣ በሸዋ ገደላገደል ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጉትን ራስ አበበ አረጋይን ግን ስንቶቻችን ከስማቸው አልፈን እናውቃቸዋለን?

*

የጦር መሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከድል ይጀመራል። የራስ አበበ የጀመረው ከቃጠሎ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ነደደች። የውጭ አገር ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ወደ የካ፣ ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ጎረፉ። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ አበበ አረጋይ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት ሲገባ እጃቸውን አልሰጡም፤ ዱር ቤቴ አሉ። ሊጠብቋት የተሾሙባትን ከተማ በዚያ ሁኔታ ትቶ መውጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ሳስብ፣ ያ ሁሉ የአምስት ዓመት ጽናት ከየት እንደመጣ የገባኝ ይመስለኛል።

*

ጀግንነት ሁልጊዜ ጥይት ማስጮህ አይደለም። ጣሊያኖች በመሣሪያ ያልበገሯቸውን ራስ አበበን በድርድር ሊያስገቧቸው ሞከሩ፤ የሸዋው ገዥ ጄኔራል ናሲ ብዙ ደከመበት። እሳቸው ድርድሩን እያጓተቱ ጦራቸውን አደራጁበት። ትዕግሥትም የጦር ስልት መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

*

እንጦጦ ላይ ጎንበስ ብለው የባሕር ዛፍ እንጨት የሚያወርዱ እናቶችን ሳይ፣ ስለ ጦር መሪዎች ስናወራ ሸክሙን የተሸከመውን እንደምንረሳ ይታየኛል። ዱር ያለው አርበኛ የኖረው ከተማ በቀሩት የውስጥ አርበኞች ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ጥይትና ወሬ እያሾለኩ ይልኩ ነበር፤ ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተፈትተው ሲመለሱም ትግላቸውን ቀጠሉ። የሌቶው ፎርቤክን ጦር ስንቅ የተሸከሙት ደግሞ ያላገራቸው ጦርነት የተጫናቸው አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ በርሃብና በበሽታ አለቁ። የኛዎቹ የተሸከሙት የገዛ አገራቸውን ነው።

*

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም መጥተው በእንጦጦ በኩል ገቡ። እንጦጦ ማርያም ጸለዩ። የራስ አበበ አርበኞች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ያን ቀን በዚያ ተራራ ላይ ከስደት የተመለሰውና አገር ውስጥ ደሙን ያፈሰሰው ፊት ለፊት ተያዩ። ደስታው እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሹመትና ርስት ለማን ይገባል የሚለው ቅሬታም እውነት ነበር። ራስ አበበ ተሾሙ፤ አርበኛው በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም ተሰቀለ።

*

የምናከብረውን ሰው ሙሉውን እናንብበው። በ1936 ዓ.ም መባቻ ትግራይ ውስጥ የቀዳማዊ ወያኔ አመፅ ሲፋፋም፣ ሊያስቆመው የዘመተውን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ራስ አበበ ናቸው። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነስተው መቀሌን ደበደቡ። ከዚያም ራስ አበበ የትግራይ ገዥ ሆኑ። ባዕድን የተዋጋ ክንድ የወገን ገበሬ ላይ ሲያርፍ፣ እኔን ያመኛል። ሌቶው ፎርቤክም ከዝናው በፊት በዛሬዋ ናሚቢያ የሄሬሮ ሕዝብ በተጨፈጨፈበት ዘመቻ ነበረበት። ግማሽ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ አያስተምርም።

*

ሌቶው ፎርቤክ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሞት፣ የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ በሕይወት ለተገኙት አፍሪካውያን ወታደሮቹ ውዝፍ ደሞዛቸው እንዲከፈል ወሰነ። ግማሽ ምዕት ዓመት የተጠጋ መዘግየት ነው። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር አራት ኪሎ ሜዳሊያ ደርድረው የሚቆሙት አርበኞቻችን ግን ዓመት በዓመት እያነሱ ሄደዋል። ውለታ በጊዜው ካልተከፈለ የሚቀበለው ይጠፋል።

*

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሽሮ ሜዳን አልፎ ስድስት ኪሎ ያደርሳል። እዚያ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ቦምብ የተወረወረው እዚያ ነው። ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩት ራስ አበበም፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከሌሎች ታላላቅ ሰዎች ጋር ታግተው በጥይት የተገደሉት እዚያው ነው፤ በጣሊያን ሳይሆን በወገን እጅ። በድል ቀን ጦራቸው ከተሰለፈበት ተራራ እስከዚያ ቤተ መንግሥት በእግር ይደረሳል። ቁልቁለቱን በወረድኩ ቁጥር እርምጃዬን የሚያከብደው ይህ ነው፤ ያ ሰው ከጠላት አምስት ዓመት ተርፎ፣ ከራሳችን አለመትረፉ።