ባሕር የሌለው መርከብ

አሜሪካ የሚኖር የዳባት አብሮ አደጌ ለዕረፍት መርከብ ተሳፍሮ ሦስት ሳምንት ውቅያኖስ ላይ ነው። ስሟን የማላውቃትን ደሴት ፎቶ ልኮልኛል። ያየሁት ግን ደባርቅ ወርጄ ኔትወርክ ሳገኝ ነው።

እኔም እኮ መርከበኛ ነኝ፤ በስሜን ተራሮች ፓርክ የቱሪስት ምግብ አብሳይ። በቅሎ ጭነን ከደባርቅ ከወጣን ስምንት ቀን ሱቅ የለም። ሽንኩርት ካለቀ አለቀ። ስካውቱ፣ ጫኙ፣ አስጎብኚው፣ ፈረንጁ፣ ሁሉም የሁሉንም ማንኮራፋት ያውቃል። አንዴ ጨነቅ ላይ አንዲት ጭልፋ ጠፋችና ከጫኙ ጋር ሁለት ቀን ተኳረፍን። ለካ በበቅሎው ኮርቻ ሥር ተወሽቃለች!

በማለዳ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ታዲያ፣ ቀን ከቀናችሁ፣ ቆላው በደመና ተሞልቶ አምባዎቹ ብቻ ብቅ ብቅ ይላሉ። ይህን አንስቼ ላክሁለት። «የቱ ውቅያኖስ ነው?» አለኝ።

ደሴት ነው እንጂ። ዋልያ ከስሜን ውጭ በዱር የትም የለም፤ ቆላውን ተሻግሮ ወዴት ይሄዳል?

እዚሁ ፓርክ ውስጥ፣ ግጭ ላይ፣ ሰውም ይኖር ነበር። በ2008 ዓ.ም. መንደሩ ተነሥቶ ነዋሪው ደባርቅ ሰፈረ፤ በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። ጓሳው አገግሟል፣ ጭላዳውም እንደልቡ ይግጣል፤ ደግ ነው። እኔ ግን እዚያ በደረስኩ ቁጥር ቡና ያጠጡኝ የነበሩት እናት ቤት የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ።