ከዛሪማ ሰማይ ላይ ያለው ንጉሥ

አንባቢ ሆይ፤ ከደባርቅ ተነሥተው ወደ ትግራይ የሚወስደውን መንገድ የያዙ እንደ ሆነ፣ የሊማሊሞን ገደል ሲወርዱ ጋቢዎን ማውለቅዎ አይቀርም። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ከብርዱ ደጋ ወደ ሞቃቱ ቆላ አውርዶ ዛሪማ ያደርስዎታል። ሲመሽ ከደጅ ወጥተው ቀና ይበሉ። ከትልቅ ከተማ መብራት የራቀ ሰማይ ኮከቡን አይሸሽግም።

ጁፒተር የሚታይበት ወራት ከሆነ፣ ብርሃኑ የማይርገበገበውን ትልቅ ኮከብ ይፈልጉ። ኮከብ ይምሰል እንጂ ፕላኔት ነው፤ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አሁን ክንድዎን ዘርግተው፣ ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ ከጁፒተር ወደ ምዕራብ ስድስት ሰባት ጭብጥ ያህል ይለኩ። በዚያ አካባቢ ለዓይን የማይታይ፣ ስሙ ግን እኛን የሚነካ አንድ ዓለት ይዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ በ1764 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ከፕላኔቱ 60 ዲግሪ ፊትና 60 ዲግሪ ኋላ፣ ትንሽ አካል ከፕላኔቱ ጋር በአንድ መንገድ ሊዞር የሚችልበት ሥፍራ አለ። ከ134 ዓመት በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ ከጁፒተር ፊት የመጀመሪያውን አስትሮይድ አገኘና አኪሌስ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከጥቂቶች በቀር የፊተኞቹ በግሪክ፣ የኋለኞቹ በትሮያ ጀግኖች ስም ተጠሩ።

በጥር 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ ከኋለኞቹ አንዱ ተገኘ። ስፋቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ቁጥሩ 2895፣ ስሙም ሜምኖን ነው። ሜምኖን በግሪኮች ተረት ትሮያን ሊረዳ የዘመተ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። የተረቱ ኢትዮጵያ ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም በሰማይ ፍርዱ ሌላ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጎዳና ይሄዳሉ፣ ገዳዩ ግን ሟቹን አያገኘውም።

ሌላም አለ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ በሐዳር፣ የተገኘችው ድንቅነሽ በውጭ አገር ሉሲ ትባላለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አሜሪካኖች በዚህ ስም የጠሩትን መንኰራኵር ወደ እነዚህ ዓለቶች ላኩ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በመንገዷ ላይ ድንቅነሽ በተባለ ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች፤ ጨረቃውም ሰላም ተባለች። በ2025 ዓ.ም. ሜምኖን ወዳለበት ወገን እንድትደርስ ታቅዷል።

እንግዲህ ስማችን ሄዷል፤ ስሙን የላኩት ግን ሌሎች ናቸው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ዛሪማ ላይ አንድ ልጅ ከአጠገብዎ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ ቢያገኙት፣ የሜምኖንን ነገር ይንገሩት። ከዛሪማ እስከ እንጦጦ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን መንገድ አለ።