ስለ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሰልፍ

በልጅነቴ በቢሾፍቱ ሰማይ ላይ የጦር አውሮፕላኖች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ሲያልፉ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚያ የሚበልጥ ሥርዐት በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማንበብ ከጀመርሁ በኋላ ግን ያ ውበት ለትርኢት እንጂ ለውጊያ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

በ1940 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የእንግሊዝ ተዋጊዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ አንዱ ከፊት ሁለቱ ከኋላው ግራና ቀኝ ተጠግተው ይበሩ ነበር። ተከታዮቹ ከመሪያቸው ጋር እንዳይጋጩ ዐይናቸውን ከክንፉ ላይ አያነሡም። እንግዲህ ከስድስቱ ዐይን ጠላትን የሚፈልገው የመሪው ሁለት ዐይን ብቻ ነው ማለት ነው። ጠላት ደግሞ የሚመጣው ከኋላ፣ ፀሐይን ተገን አድርጎ ነው።

ጀርመኖች ይህን ነገር አስቀድመው በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ተምረውታል። በ1938 በዚያ የተዋጋው ቨርነር ሞልደርስ ከጓዶቹ ጋር ያደረጀው ሰልፍ መሠረቱ ጥንድ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል ርቀት ነበር። ሁለት ጥንዶች ሲገናኙ አራት ይሆናሉ፤ አሰላለፋቸውም፣ አንባቢ ሆይ፣ እጅህን ዘርግተህ ከአውራ ጣት በቀር የጣቶችህን ጫፍ ብትመለከት እንደዚያው ነው። እንጋጫለን የሚል ሥጋት ስለሌለ ሁሉም ዙሪያውን ያያል፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይጠብቃል። ከሩቅ ለሚያየው ግን የተበታተነ መንጋ ይመስላል።

እንግሊዞች የለመዱትን ቶሎ አልተዉም። አንዳንዱ ስኳድሮን ከሰልፉ ኋላ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጠባቂ ቢመድብም፣ አስቀድሞ የሚመታው ብዙ ጊዜ ያው ጠባቂ ነበር። በ1941 የ20 ዓመቱ ሂዩ ዳንዳስ አራት ሆነን ተራርቀን እንብረር ሲል ለአዛዡ ለዳግላስ ባደር ሐሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ሙከራ የተመታው የዳንዳስ የራሱ አውሮፕላን ነው፤ እርሱም በጭንቅ አገሩ ደርሶ አረፈ። ባደር ግን ሐሳቡን አልጣለም። ጠላት ሲመጣ መቼ መታጠፍ እንደሚገባ ተመካክረው አረሙና ሠሩበት፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ያ ወጣት ለአዛዡ መናገሩ ነው። ይህን ባነበብሁበት ሰሞን እኔ በመሥሪያ ቤት አንድ የክፍያ ዝርዝር ሲዘጋጅ የአንዲት ጡረተኛ ስም መዘለሉን አይቼ፣ የአለቃዬን ፊት ስመለከት ዝም ብዬ ነበር። እናቲቱ ሁለት ወር ሙሉ እየተመላለሱ በደጃችን ተቀመጡ። ገንዘባቸውን ያገኙ ዕለት መርቀውኝ ሄዱ። አስቀድሞ ያወቀ ሰው እንደ ነበረ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።