መላጫችንና ምላጫችን

ጢም ያበቀለ ሁሉ ምላጭን ያውቃል፤ ምላጩን የሚይዘውን መላጫ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በሰፈራችን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ሁለት አሮጌ የጂሌት መላጫዎች አወዳደርን።

በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ቴክ» ለቆዳ ይራራል፤ ሸካራ ጢም ላይ ግን መመላለስ ይጠይቃል። በ1961 የወጣው «ስሊም» ከ1 እስከ 9 ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል በምላጩና በጠርዙ መሐል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ከሥር ይላጫል።

ከሥር መላጨት ግን ለእኛ ጣጣ አለው። የተጠቀለለ ጢም ከቆዳ በታች ከተቆረጠ ወደ ውስጥ ተመልሶ ያድግና አንገትን ያሳብጣል። ስለዚህ ፍርዳችን ለቴክ ሆነ።

መላጫውን ስንዋዋስ በፈላ ውሃ እንቀቅለው። ምላጩን ግን ከቶ አንዋዋስ፤ በዓይን የማይታይ ደም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። እንጀራ አብረን እንቆርሳለን፤ ምላጭ ግን ለየራስ ነው።