የጎልፍ አገር፣ የተረከዝ ሕመምና አንዲት ቁራጭ ሶል

ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ስኮትላንድ ነው። «ደግሞ ጎልፍ ጀመርሽ እንዴ?» እንዳትሉኝ! የማወራችሁ ስለ ተረከዝና ስለ ወገብ ነው። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ኋላ የምትቆሙ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትንገላቱ፣ ማታ ጫማ ስታወልቁ «እፎይ!» የምትሉ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ሴንት አንድሪውስ በሰሜን ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ባቡር አይገባባትም፤ ቅርብ የሚባለው ጣቢያ ሉካርስ የምትባል መንደር ላይ ነው። እኔ ያረፍኩት ዳንዲ ከሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ስለነበር ከዚያው በአውቶቡስ ሄድኩ። እኛ ስለት ይዘን ቁልቢ እንደምንሄድ፣ የጎልፍ ሰዎች ደግሞ ከዓለም ዙሪያ ወደዚህች ከተማ ይጎርፋሉ። የሚመጡት «ኦልድ ኮርስ» የሚባለውን ጥንታዊ ሜዳ ለመርገጥ ነው። ዛሬ የትም አገር ጎልፍ 18 ጉድጓድ የሆነው በዚሁ ሜዳ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 ሃያ ሁለት የነበረውን ወደ 18 ዝቅ አደረጉት፣ በኋላ ሌላው ዓለም ተከተላቸው።

ታዲያ አጥር የታጠረበት የሀብታም ግቢ እንዳይመስላችሁ። ሜዳው የሕዝብ ነው። እሁድ እሁድ፣ ትልቅ ውድድር ካልኖረ በቀር፣ ጨዋታ የለም። ያን ቀን የከተማው ሰው ውሻውን አስከትሎ፣ ልጁን አዝሎ ይንሸራሸርበታል። እኔም ከአክስቴ ልጅ ጋር በነጻ የገባሁት እሁድ ነው።

ሣሩ ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል። ሲረግጡት ግን ጉድ ነው! ጉብ ይላል፣ ጎድጎድ ይላል፤ አንዱ እግር ዳገት ሲረግጥ ሌላው ቁልቁለት ላይ ነው። 112 የአሸዋ ጉድጓዶች አሉት፤ አንዳንዶቹ ሰው ቢገባባቸው አናቱ ብቻ የሚታይ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጉድጓድ በቀጥታ ቢለካ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኳስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲባል ደግሞ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ብዙው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፤ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

የአክስቴ ልጅ እዚያ «ካዲ» ነው፤ የተጫዋቹን ቦርሳ ተሸክሞ፣ የሜዳውን ጠባይ እየነገረ አብሮ ይሄዳል። በበጋ፣ ሥራ ሲበዛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዞርበት ቀን አለ። እየሄድን ሳለ የእግሩን ነገር አጫወተኝ።

«እህቴ፣ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ ስረግጥ ምስማር ላይ የቆምኩ ነበር የሚመስለኝ። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ማታ ደግሞ ይመለሳል። ወገቤም አላስቀመጠኝም።»

አንድ ሱቅ ገብቶ ሲያማክር «በእግርህ ልክ የሚሠራ ሶል ያስፈልግሃል፤ ተረከዝህንም ወገብህንም ይፈውሳል» ይሉታል። ዋጋው ለእናቱ በሁለት ወር የሚልከውን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። አክስቴ ደግሞ የቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚያ ነው! ልጁ ሁለት ሌሊት ሲያሰላ አድሮ፣ ለማንኛውም ብሎ መጀመሪያ ወደ መንግሥት ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ምን አለው? «ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ርካሹን ሞክር፤ ባትህን በየቀኑ አሳስብ፤ ቦርሳውን ባንድ ትከሻ ብቻ አትሸከም።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተረከዙ እየተሻለው መጣ። ወገቡ ግን ሶሉን ከቁብም አልቆጠረው። ወገቡን ያሻለው ትከሻ መቀያየሩና ጀርባውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መጀመሩ ነው። የአክስቴ የቤት ኪራይም አልተነካም።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። ብዙ ሲቆሙና ሲራመዱ ተረከዙ ጋ ይቆጣል፤ ሌሊት ተኮማትሮ አድሮ ጠዋት ሲረግጡት ይወጋል። ሶሉ የውስጥ እግርን ጎድጓዳ ደግፎ የጅማቱን ጫና ያቀልላል። ለዚህ ሕመም ደግሞ በልክ የሚሠራው ውድ ሶል ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ልቆ አልተገኘም።

ወገብ ሌላ ጣጣ ነው። ቀኝ እጁ የሆነ ጎልፍ ተጫዋች ሲመታ ክብደቱ ወደ ግራ እግሩ ይሄዳል፤ እግሩ እንደተተከለ ዳሌና ወገቡ ይጠማዘዛሉ። በጎልፍ ሰዎች ላይ የወገብ ሕመም የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሶል እግር ወደ ውስጥ እንዳይደፋ ሊያግዝ ይችላል፤ አንዳንዱም ወገቤን አቀለለኝ ይላል። ነገር ግን ሶል የወገብ ሕመምን አስቀድሞ ይከላከላል የሚለውን ጥናቶች አልደገፉትም። «ከእግር እስከ አንገት ይፈውሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ!

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ። እሺ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው! ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ ለምንዋለው ለእኛ ምክሬን ልለግስ፦

አንደኛ፣ ከሶሉ በፊት ጫማውን እዩ። ተረከዙ ባንድ ወገን የተበላ ወይም እንደ ጨርቅ የሚጠቀለል ከሆነ፣ ሶል መጨመር የዘመመ ቤት ቀለም መቀባት ነው። ስስ ነጠላ ጫማና ረጅም ታኮ ለታመመ ተረከዝ ጠላት ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሶል ስትገዙ ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እግር ሲውል ያብጣልና ከሰዓት በኋላ ለኩት። የድሮውን ሶል አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ፤ ጣት ካጨናነቀ ይቅር።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አድርጉት፤ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

አራተኛ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ የኋላ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ተረከዙን ሳታነሱ ባታችሁን ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሳስቡ፤ በቀን ደጋግሙት። ማታ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለልም ያስታግሳል። ትዕግሥት ግን ያሻል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

አምስተኛ፣ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሶል አይቀይር፤ እግሩ ደንዝዞ ከሆነ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። የወገብ ሕመም እግር ካደነዘዘ ወይም ካዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ የሶል ጉዳይ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት!

እግር ሲታመም መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ፣ የውዱን ነገር ከሐኪም ጋር ምከሩበት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ እግራችሁ ደግ ደጉን ይርገጥ። ቸር ሰንብቱ!