የገብስማዋ ዶሮ ጉዳይ

ዛሬ ስለ አንዲት ዶሮ ሞት ላወጋችሁ ነው። «ስንቱ ወገን በየበረሃው ወድቆ በቀረበት ዘመን ለዶሮ ወረቀት ይባክናል?» የሚለኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ይሁንና ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት በሰዎች መካከል ምን እንደሚሠራ በግልጽ ያየሁት በእርሷ ነውና ታገሡኝ።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ግንቦት፥ ቦታው ካርቱም፥ የእኛ ሰው በብዛት ይኖርበት የነበረው ዴም የሚባለው ሠፈር ነው። አራት ቤተሰብ ሆነን አንድ ግቢ ተከራይተን ነበር። በግቢው መካከል፥ በራኩባው ጥላ ሥር፥ ዚር የሚሉት የሸክላ ገንቦ ተቀምጦ ነበር፤ ከእርሱ የሚንጠባጠበው ውኃ ያረጠበው መሬት የዶሮዎቻችን ገነት ነበር። ከሱቅ ሸዕቢ የገዛኋቸው ዶሮዎች አራት ሲሆኑ፥ እንቁላል በመጣል ገብስማዋን የሚያህል አልነበረም። እንቁላሏ በግቢው ስምምነት አስቀድሞ ለታመመ፥ ቀጥሎም ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በእኔ ገንዘብ ትገዛ እንጂ የሁላችንም ነበረች።

በዚያን ዕለት ጧት ጥሬዋን ለቀመች፥ ውኃዋን ጠጣች። ቀትር ላይ ከዚሩ ሥር ተኝታ ነበር። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ክንፏን ዘርግታ ሞታ ተገኘች። ቁስል የለባት፥ ደም የለባት። ሦስቱ ባልንጀሮቿ ደኅና ነበሩ።

ሰው ስም ያልወጣለት ነገር ያስጨንቀዋል። ገና ሳይመሽ ለዚህች ሞት በግቢያችን ሦስት ስም ወጣላት። እናታችን የምንላቸው አሮጊት «ጦስ ናት፤ ለልጆቹ የመጣውን ይዛ ሄደች፥ ተመስገን በሉ» አሉ። አንዱ ጎረቤት «ዐይን ነው» አለ። ሦስተኛዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መርዝ ነው» አለች፤ ጣቷም ወደ አንዲት ቤት አመለከተ። የዚያች ቤት ባለቤት በመንገድ ዳር በጀበና ቡና እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከሳምንት በፊት ገብስማዋ ለማድረቂያ ያሰጣችውን ዝንጅብል በትናባት «ይህችን ዶሮ አንድ ቀን!» ስትል ሁላችንም ሰምተናል። የአይጥ መርዝ መግዛቷንም እናውቃለን። ለከሳሽ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ስደተኛ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠራጠር ለእናንተ መንገር አያሻም። አገሩን የለቀቀው ከሰው ሸሽቶ ነው፤ አዲሱን ጎረቤቱን በየት በኩል እንደ መጣ፥ ለማን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ አያድርም። በዚያች ሌሊት ቡና ሻጯ ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገብታ በሯን ዘጋች። የውኃው ወረፋ ሳይቀር ተለየ። አንዲት ዶሮ አራት ቤት ልትበትን ምንም አልቀራት።

በማግስቱ ከልጆቹ አንዱን የሰሌዳ ጥቁር ድንጋይ ተዋስሁና ሰዎቹን በራኩባው ሥር ሰበሰብኋቸው። አገር ቤት በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳስተምር ዕጩ መምህራኑን አሠራቸው የነበረውን ሥራ አወጣሁ፤ ሰሌዳውን በመሥመር ከፍዬ በአንድ በኩል «ያየነው»፥ በሌላው በኩል «የጠረጠርነው» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም እያንዳንዱን ምክንያት በየተራ መዘንነው።

መርዝ ቢሆን አራቱም ከአንድ ዕቃ በልተው ከአንድ ገበቴ ጠጥተዋል፤ ሦስቱ ቆመው ይጭራሉ። የአይጡ መርዝም ክዳኑ ታስሮ ከቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ ነበር። ፈንግል ቢሆን አንዷን ወስዶ አይመለስም፤ አረንጓዴ ያስቀምጣል፥ አንገት ያጣምማል፥ በጥቂት ቀናት መንጋውን ይጨርሳል። የወፍ ጉንፋንም በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. በካርቱምና በገዚራ ዶሮዎች ላይ ተገኝቶ ነበርና እርሱን ያነሣም ነበር፤ እርሱም ቢሆን በአንዷ አይቆምም። ሙቀቱስ? በግንቦት የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዶሮ ላብ የላትም፤ አፏን ከፍታ በማለክለክ፥ ክንፏን በማራቅ ትቀዘቅዛለች። የራሷ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነውና ብዙ አትችልም። ገብስማዋ ከሁሉ የወፈረች ነበረች፤ ምናልባት ይሆናል። እንቁላል በሆዷ ተሰንቅሮም ይሆናል፤ ልቧ ቆሞም ይሆናል። በዚህም ላይ ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ደካማ መስላ የታየች አውሬ ይበላታልና፥ አንዳንዴም ባልንጀሮቿ ይወቅሯታል። ስለዚህ «ድንገት ሞተች» የምንለው ብዙ ጊዜ እኛ ድንገት አወቅን ማለት ነው።

በመጨረሻም ከሰሌዳው ግርጌ «አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ። ከሳሺቱ ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያም ተነሥታ የራሷን ባልዲ ሞልታ ወደ ቡና ሻጯ በር ወሰደች። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም፤ ባልዲው ግን ባዶውን ተመለሰ።

ሥጋዋን ለማብሰል ያሰበም ነበር፤ ሥጋ ለወራት አልቀመስንምና አልፈርድበትም። ነገር ግን በክትን ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላም፤ ያልታወቀ በሽታ ካለም ደንቡ ደግ ደንብ ነው። ዐመድ ነስንሰን፥ ውሻ እንዳያወጣት አጥልቀን ከግቢው ውጭ ቀበርናት። ሦስቱን ዶሮዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጠባበቅናቸው፤ ምንም አልነካቸውም።

የቡና ሻጯ ታናሽ ልጅ አለቀሰች። አንድ ሰው «ለዶሮ ይለቀሳል?» ብሎ ሊገሥጻት ቃጣ። አሮጊቷ «ተዋት፥ ልማድ ይሁናት» አሉት። እኔም ተውዋት እላለሁ። ከመካከላችን ወንድሙ እንዴት እንደ ሞተ ያልተነገረው፥ ሬሳ ያልቀበረ፥ ለቅሶ ያልተቀመጠ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ዶሮ ሲቀበር አይቶ ዐይኑ ቢያቀርር እንባው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር ነው። ልጅቱ «ለምን ሞተች?» ስትለኝ «አላውቅም፤ ሰው እንደ ገደላት የሚያሳይ ግን ምንም አላየንም» አልኋት። ይህ መልስ አያጠግብም፥ ሐሰትም ግን የለበትም።

ጦርነቱ በካርቱም የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ የእኛ ቅዳም ሹር ነበር። ለፋሲካ የተገዙት ዶሮዎች ሳይታረዱ ቀሩ። ግቢያችን ሲበተን ከሳሽና ተከሳሽ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ተራ በተራ እያቀፉ በአንድ መኪና ወደ ምሥራቅ ወጡ። ያን ሰሌዳ ባንጽፍ ኖሮ ይህ ይሆን እንደ ነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚህ ሠፈር ዶሮ የምታረቡ ወገኖች ሆይ፥ ጥላና ውኃ አታሳጧቸው፤ ለፈንግል በዐይን የሚጠባ ክትባት አለና የእንስሳት ሐኪም ሲመጣ ጠይቁ። አንዷ ብትሞትባችሁ አትብሏት፥ አጥልቃችሁ ቅበሯት፥ እጃችሁን ታጠቡ፥ የቀሩትን ተጠባበቁ። ያያችሁትን ሳትጨርሱ ግን የጎረቤታችሁን ስም አትጥሩ።